የብስክሌት ካቴና በክረምት፦ ዝገት፣ ሲጥ ሲጥ ማለትና መዝለል (ጅማ)

ቂጦ_ፉርዲሳ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብስክሌቱ ከኋላ 7 ማርሽ ያለው ማውንቴን ነው፤ በየቀኑ እዚሁ ጅማ ከቂጦ ፉርዲሳ መርካቶ ደርሶ ይመለሳል። ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ካቴናው ሦስት ችግር ያሳያል። አንደኛ፣ ማታ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት ብርቱካንማ ዝገት ይይዛል። ሁለተኛ፣ ዘይት ሲቀባ ለአንድ ቀን ዝም ይልና በማግስቱ ሲጥ ሲጥ ማለቱን ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ ዳገት ላይ ጠበቅ አድርገው ሲረግጡት ትንንሾቹ የኋላ ጥርሶች (ካቴናው የሚዞርባቸው ባለ ጥርስ ክቦች) ላይ ይዘላል። የሚቀባው ከባጃጅ ጋራዥ የሚገኝ የተቃጠለ ዘይት ነው፣ በጨርቅ ከላይ ከላይ።

ሳይፈታ መታጠብ ይችላል ወይ? በምን ይታጠብ? ዘይቱ ምን ዓይነት፣ ምን ያህል ይሁን? መዝለሉስ በመታጠብ ይስተካከላል ወይስ ካቴናው አልቋል?

ኮሮና48

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ። ካቴናው ካለቀ ማጠቡም መቀባቱም ድካም ብቻ ስለሆነ አስቀድመህ ለካው። ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ሜትር ይበቃል።

ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ አንድ ማርሹም ሆነ ባለ ብዙ ማርሹ ያው ነው። ፔዳሉን በእጅህ ወደፊት ገፋ አድርገህ የላይኛውን መስመር ወጥር። ከአንድ ፒን ግራ ጠርዝ ጀምረህ 30 ክፍተት ቁጠርና እስከ ሠላሳ አንደኛው ፒን ግራ ጠርዝ ድረስ ለካ። አዲስ ካቴና 381 ላይ ያርፋል። ባለ 7 ማርሽ 384 ከደረሰ ሳትውል ሳታድር ቀይረው። ባለ አንድ ማርሽ እስከ 385 ድረስ ይታገሣል። ሁለት ሦስት ቦታ ለካ፤ እኩል አያልቅም።

ላሜራው (ከፒኑ ግራና ቀኝ ያለው ጠፍጣፋ ብረት) አይደለም የሚለጠጠው። እያንዳንዱ ፒን ከሚዞርበት ቀዳዳ ጋር ተፋጭቶ ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ካቴናው ላይ ደግሞ ከ100 በላይ መጋጠሚያ አለ፤ ሲደመር ርዝመቱ ይጨምራል። የረዘመ ካቴና ጥርሱ ላይ ወደ ጫፍ ወደ ጫፍ እየወጣ ይቀመጥና ጥርሱንም ይዞ ያልቃል። ትንሽ ጥርስ ላይ መዝለሉ መጀመሩም ለዚህ ነው፤ እዚያ በአንድ ጊዜ ካቴናውን የሚይዙት ጥርሶች ጥቂት ናቸው።

ልኬቱ ደህና ከሆነ የደረቀ መጋጠሚያ ፈልግ። ብስክሌቱን ገልብጠህ ፔዳሉን ወደ ኋላ በቀስታ አዙር፤ ዐይንህን ማርሽ መቀየሪያው ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲክ ጥርሶች አትንቀል። ዝገት የያዘው መጋጠሚያ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ታጥፎ ካለፈ በኋላ አይቃናም፣ የመቀየሪያውም ክንድ ጠቅ ይላል።

ቂጦ_ፉርዲሳ

ጋሼ ኮሮና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 30ው ክፍተት 382ን አለፍ ይላል፣ 383 አይሞላም። ሁለት መጋጠሚያ ግን ታጥፎ ይቀራል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው።

ኮሮና48

እንግዲያው ካቴናህ ዕድሜ አለው። የመዝለሉ ምክንያት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ወይም ላምባ አድርግባቸውና ሩብ ሰዓት ቆይ። ከዚያ ካቴናውን ከግራና ከቀኝ በሁለት እጅህ ይዘህ በአውራ ጣትህ ወደ ጎን፣ ማለትም በተፈጥሮው ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ፣ ቀስ እያልክ አለዝበው። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። በመዶሻ አትምታው፤ ላሜራው ከታጠፈ አይመለስም። ከታጠበ በኋላም እዚያው ቦታ ደጋግሞ የሚደርቅ ከሆነ ፒኑ ውስጡ ዝጓል፣ ያን ቁራጭ አውጥቶ ሌላ መተካት ነው።

ሄርመታ_ሳይክል

ወደ እጥበቱ ልግባ። ሳይፈታ ማጠብ ይቻላል፣ ለአቧራና ለጥቁር ቅባት በቂ ነው። የእኛ ቀይ አፈር በውኃ ቀጥኖ ሮለር (ፒኑ ላይ የሚዞረው ትንሽ ቀለበት) ውስጥ ከገባ ግን ተፈትቶ ቢታጠብ ይሻላል፤ ከላይ በብሩሽ የሚወጣው የውጪው ብቻ ነው።

አፈታቱ፦ ካቴናህን ዙሪያውን አይተህ ከሌሎቹ ላሜራው ለየት ያለ አንድ ማያያዣ ፈልግ። ካለ ያለ መሣሪያ ይከፈታል። የጫማ ክር ወይም ቀጭን ሽቦ በማያያዣው ሁለት ፒኖች ዙሪያ አዙረህ ስትስበው ሁለቱ ፒኖች ይቀራረቡና ይላቀቃል፤ ፒንሳ ካለህ የበለጠ ይቀላል። ማያያዣ ከሌለው በካቴና መፍቻ አንድ ፒን ግፋ፣ ነገር ግን ጨርሰህ አታውጣው፤ ጫፉ የውጪው ላሜራ ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ተይዞ ይቅር፤ ከወጣ መልሶ ማስገባቱ አሳር ነው። በምስማርና በመዶሻ የሚመቱት አሉ፣ አይሆንም፦ ላሜራው ይከፈትና ዳገት ላይ ይበጠሳል። ደግሞ አንዴ ከተፈታ ለ6፣ 7 እና 8 ማርሽ የሚሆን ማያያዣ ገዝተህ ግጠምበት፣ ከዚያ ወዲያ መፍቻ አያስፈልግህም።

አስተጣጠቡ፦ ጭቃውን መጀመሪያ ደረቅ ሳለ በብሩሽ አራግፍ። ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ላምባ አድርግ። የካቴናውን አንድ ጫፍ በሽቦ አስርና ሌላውን ጫፍ አስቀድመህ አስገባ፤ ሽቦው አፉ ላይ ይቅር፣ ያለሱ ማውጣቱ ይከብዳል። ክዳኑን አጥብቀህ 2 ደቂቃ ያህል ናጠው፣ 10 ደቂቃ አስቀምጠው፣ እንደገና ናጠው። ጠቁሮ ሲወጣ ላምባውን ወደ ሌላ ጠርሙስ ገልብጥና በንጹሕ ድገም። ሦስተኛው ዙር ላይ ላምባው ሻይ መስሎ ከቀረ ጨርሷል።

አሁንም ያልተነሳ ነገር ካለ በጆሮህ ታውቀዋለህ። ካቴናውን ጆሮህ አጠገብ አድርገህ እጠፍ ዘርጋ አድርገው፤ ውስጡ አሸዋ ካለ ይንሾካሾካል። ንጹሕ ካቴና ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

ቤንዚን እንዳትነካ። ሽታው ራሱ የሚቀጣጠል ነው፣ ከሰል ምድጃ ክፍሉ ሌላኛው ጥግ ላይ ቢሆንም እንኳ። ናፍጣ ያጸዳል፣ ነገር ግን ቅባቱ ቶሎ አይተንም፣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

የአዌቱ_ዳር

አንድ ነገር ልጨምር። ላምባ ቅባትን ይፈታል እንጂ ሸክላ አፈርን አያሟሟም፤ ደቃቁ አፈር ላሜራው ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል። ከላምባው በኋላ በሙቅ ውኃና በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና (1 ሊትር ውኃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሳሙና) በጥርስ ብሩሽ መፈተግ አለበት። መጨረሻ ላይ የፈላ ውኃ ይፈስበታል፤ ብረቱ ራሱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። በረኪና፣ ኮምጣጤ፣ ሎሚ የሚጨምሩ አሉ፤ እነዚህ ዝገቱን ያነሱ ይመስላሉ እንጂ ብረቱን ይበላሉ፤ አሲድ የነካው ጠንካራ ብረት ደግሞ ሳይታሰብ ይሰነጠቃል።

የቆሸሸውን ላምባ እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ ቦዩ ሁሉ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። ጠርሙሱን ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ሁለት ቀን ብታስቀምጡት ጭቃው ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ጠርሙስ አውርዱት፣ ለሚቀጥለው የመጀመሪያ ዙር ይሆናል። አተላውን ከእንጨት ሥራ ቤት በሚገኝ ሳጋቱራ አስመጥጡት። ሳጋቱራውን ከእሳት አርቁት።

ኮሮና48

እህቴ፣ ስለ ላምባው አወጋገድ ያልሽው እጅግ ትክክል ነው። ስለ ሳሙናና ውኃው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ላለው በጋ እስማማለሁ፤ ለሐምሌና ነሐሴ አልስማማም። ፀሐይ በሌለበት ፒኑና ሮለሩ መሃል የገባ ውኃ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ከላይ ዘይት ሲቀባበት ውኃው ውስጡ ታሽጎ ይቀራል። ልጁ ያለው የማግሥት ሲጥ ሲጥ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። በክረምት የመጨረሻውን ዙር በንጹሕ ላምባ መጨረስ ይሻላል። ሸክላው እንዲወጣ አራተኛ ዙር ይጨመር፣ ላምባው እንደሆነ እየጠለለ ይመለሳል። ከዚያ በጨርቅ መጥረግና ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ማሳደር። ላምባው ሳይተን ዘይት ከተቀባ ዘይቱን አቅጥኖ ያንጠባጥበዋል።

የአዌቱ_ዳር

ማሳደር ለሚችል ሰው ይሁን። በነጋታው ጠዋት መንገድ ላለበት ግን የፈላ ውኃው መንገድ ይፈጥናል፤ ቅድመ ሁኔታው ዘይቱ ካቴናው ገና ሞቅ እንዳለ መግባቱ ነው።

አጋሮ_መንገድ

የተቃጠለ ዘይት ምን አደረገ? በነጻ ይገኛል፣ ወፍራም ነው፣ ዝናብ አያጥበውም። ስንት የጭነት ብስክሌት በሱ ይሠራል።

ኮሮና48

ወንድሜ፣ መሥራቱንስ ይሠራል፤ ካቴናው ዕድሜው ያጥራል እንጂ። የተቃጠለ ዘይት ጥቁር የሆነው ጥላሸትና ከሞተሩ ውስጥ የተላጠ ደቃቅ ብረት ስላለበት ነው፤ ከቃጠሎው የመጣ አሲድም ይዟል። ካቴና ላይ ሲሆን ያ ከቀይ አፈሩ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ፒኑን ይሞርደዋል። እጅ ላይ ደጋግሞ መዋሉም ለቆዳ ጎጂ ነው።

ዋጋውን ደግሞ በልኬት እንየው። አንድ ካቴና ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃዋል። 5 ብለን ብንይዝ 1 ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት 200 ጊዜ ይቀባል። ሌላ ሰው ጋር ተካፍሎ መግዛትም ይቻላል። አዲስ ካቴና ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

የዘይት ምርጫዬ ይህ ነው። ለዝናቡ ጊዜ የካምቢዮ ዘይት፣ 90 የሚባለው። ወፍራም ስለሆነ ብቻውን ውስጥ አይገባም፤ 2 እጅ ዘይት ከ1 እጅ ላምባ ጋር ቀላቅለህ ታስገባዋለህ፣ ላምባው ይተናል፣ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ለበጋ 20/50 ወይም 40 የሞተር ዘይት እንዳለ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በደንብ ይገባል፣ ነገር ግን አንድ ዶፍ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ለበጋና ለደረቀ መጋጠሚያ ይሁን። ደብሊው ዲ 40 ውኃ ለማስወጣትና ዝገት ለማላቀቅ ጎበዝ ነው፣ አብዛኛው ግን የሚተን ፈሳሽ ስለሆነ ካቴናን ለብቻው አያለሰልስም። ግራሶ ከውጪ ብትለጥፍ ውስጥ አይገባም፣ አፈሩን ብቻ ይሰበስባል። የምግብ ዘይት፣ በተለይ የኑግ፣ አየር ሲያገኘው ይደርቅና ሙጫ ይሆናል።

ቂጦ_ፉርዲሳ

አቀባቡስ? በጨርቅ ከላይ መቀባቱ ነው እንግዲህ ጥፋቱ?

ኮሮና48

አዎ፣ ዋናው እሱ ነው። ዘይት ሥራ የሚሠራው ፒኑና ሮለሩ መሃል ነው። ከላሜራው ውጪ ያለው ዘይት ዝገት ከመከላከል በቀር ጥቅም የለውም፤ ብዙ ሲሆን ደግሞ የጭቃ ማጣበቂያ ነው።

ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ። መርፌውን ጫፉን ቆርጠህ አደንዝዘው ወይም ያለ መርፌ ተጠቀም። ብስክሌቱን ገልብጥ። የካቴናውን የውስጥ ገጽ፣ ማለትም ጥርስ የሚነካውን ጎን፣ ፈልግ። ማያያዣውን መነሻ አድርገህ በእያንዳንዱ ሮለር ላይ አንድ ጠብታ፣ ግማሹ በግራ ላሜራ ግማሹ በቀኝ ላሜራ በኩል እንዲሰርግ አድርገህ ጣል። ሮለሮቹ ከ110 አለፍ ይላሉ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ 10 ደቂቃ ግን አይወስድም። ማያያዣው ሲመለስ አቁም።

ከዚያ ፔዳሉን ወደ ኋላ 30 ዙር ያህል አዙርና ሩብ ሰዓት ተወው፣ ቀላቅለኸው ከሆነ አሳድረው። አሁን የሚመጣው ሰዎች የሚዘሉት ነው፦ ደረቅ ጨርቅ በታችኛው መስመር ላይ ጨብጠህ ፔዳሉን እያዞርክ ጥረግ፣ ጨርቁን እየገለበጥክ፣ ጣትህ ሲነካው ስስ ቅባት ብቻ እስኪቀር ድረስ። ለዝናቡ ጊዜ ትንሽ እርጥበት ይተውለት፣ ለበጋ ግን ደርቆ እስኪያብረቀርቅ ይጠረግ። አንድ ሰው ቅባትና ጠረጋ ሁለቱንም ማድረግ ካልቻለና አንዱን ምረጥ ቢለኝ ጠረጋውን እላለሁ። ጨርቅ ኮርቻው ሥር ይኑርህ፤ ዝናብ በመታህ ቁጥር ቤት ስትገባ ጥረገው፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ሳይሆን ሙሉ ዙር ቀባው። ዝገቱ የሚይዘው በዚያች ሌሊት ነው።

ሄርመታ_ሳይክል

ጥንቃቄ ይጨመርበት፦ ስትቀባም ስታጥብም ቸርኬው ላይ ዘይት እንዳይነካ በአሮጌ ካርቶን ከልለው። ፍሬኑ የሚይዘው ቸርኬውን ነው፤ ዘይት ከነካው ከጅሬን ቁልቁል ስትወርድ ፍሬን የለህም ማለት ነው። ከነካው በሳሙና ውኃ አጥበህ ቸርኬውንም የፍሬኑን ላስቲክም በንጹሕ ጨርቅ አድርቅ፤ ላስቲኩ ካልጸዳ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አንሳው።

ሳትፈታ ካጠብክ ደግሞ ላምባው የኋላ ጥርሶቹ መሃል ወርዶ ኩሽኔታው ጋ አይድረስ፤ ግራሶውን አጥቦ ይወስደዋል። ብሩሹን ነክሮ መፈተግ እንጂ ማፍሰስ አይገባም። በጥርሶቹ መካከል የተጠቀጠቀውን ጭቃ በቀጭን ካቻቢቴ አውጣና ጨርቅ እየከተትክ ወዲያ ወዲህ ሳበው። ሁለቱን ፕላስቲክ ጥርሶችም አትርሳ፤ ዙሪያቸው ጥቁር ቀለበት ሠርቶ የሚቀመጠው ቆሻሻ የታጠበውን ካቴና በአንድ ዙር መልሶ ያቆሽሸዋል።

ጅሬን_ዳገት

ሻማ አቅልጦ ካቴናውን መንከር ንጹሕ ነው ይባላል። የማር ሰም ደግሞ በጅማ እንደ ልብ ነው። እሱ ይሆናል ወይ? ማሻአላህ የሰጣችሁት ማብራሪያ ግሩም ነው።

የአዌቱ_ዳር

ሻማ ለበጋ ምርጥ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይይዝም፣ እጅና ሱሪ አያቆሽሽም። የማር ሰም ብቻውን አይሆንም። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በኩል ችግር የለውም፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይጣበቃል፣ የተጣበቀ ነገር ደግሞ አፈር ይስባል። ነጭና ሽታ የሌለው የፓራፊን ሻማ ይሁን።

ካቴናው ቅባት የሚባል እንዳይኖርበት ተደርጎ መታጠብ አለበት፣ አዲስም ቢሆን፤ የፋብሪካው ግራሶ ካለበት ሻማው ብረቱን አይዝም። እዚህ ላይ ሳሙናና ሙቅ ውኃው ግዴታ ነው። 300 ወይም 400 ግራም ሻማ ክሩን አውጥታችሁ በቆርቆሮ ጣሳ አድርጉ፣ ጣሳውን ውኃ ባለው ድስት ውስጥ አስቀምጡ። እሳት ላይ በቀጥታ ፈጽሞ አይሁን። በጅማ ከፍታ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በውኃ ውስጥ ያለ ሻማ ከዚያ አያልፍም፣ ይህ በቂም ደህናም ነው። ምናልባት ቢቀጣጠል ክዳን ድፉበት፣ ውኃ አይፍሰስበት።

ደረቁን ካቴና ሽቦ ላይ ሰክታችሁ ንከሩት። ከመጋጠሚያዎቹ ትንንሽ አረፋ ይወጣል፤ ያ ከውስጥ የሚወጣው አየር ነው፣ ቦታውን ሻማው ይይዛል። አረፋው ሲቆም፣ 10 ደቂቃ ገደማ፣ እሳቱን አጥፉና ሻማው ላዩ ስስ ቆዳ መያዝ እስኪጀምር ጠብቁ። በፈላ ሻማ ካወጣችሁት ሁሉም ይንጠባጠብና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ሰቅላችሁ ሲቀዘቅዝ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ እያጠፋችሁ ፍቱት።

ለዝናብ ጊዜ አልመክረውም። ውኃ ገብቶ ካደረ የሻማ ካቴና ከዘይቱ ቀድሞ ይዝጋል፣ በየዝናቡ መንከር ደግሞ አይቻልም።

ፈረንጅ_አራዳ

የኔ ጥያቄ ስለ ፊኒክስ ብስክሌት ነው፤ ባለ አንድ ማርሽ፣ ካቴናው በቆርቆሮ ሽፋን የተከደነ። ዘይት ይቀባል፣ ግን ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ካቴናው ይወርዳል። ሽፋኑ ካለ እጥበት ያስፈልገዋል?

ሄርመታ_ሳይክል

ሽፋኑ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ይከላከላል፣ ከኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ ግን በታች በኩል ይገባል፤ ከገባ በኋላ አይወጣም፣ አይታይምም። ስለዚህ ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ አንድ ጊዜ ሽፋኑን አውርዶ ማጠብ ግድ ነው። የሽፋኑን ታችም ጥረገው።

የሚወርደው ስለላላ ነው። በታችኛው መስመር መሃል ላይ በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው፤ በድምሩ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ይወርዳል፣ ገመድ ሆኖ ከተወጠረ ደግሞ ፔዳሉ ይከብድና ኩሽኔታው ያልቃል። ኮሮናው (ፔዳሉ ጋ ያለው ትልቁ ጥርስ) ፍጹም ክብ ስለማይሆን መጀመሪያ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ሙሉ ዙር አዙርና ካቴናው በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልግ፤ ልኬቱ እዚያ ቦታ ላይ ነው።

የኋላውን ሁለት ዳዶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቁልፍ፣ አላላ። ጎማውን ወደ ኋላ ሳብ፤ መጀመሪያ በካቴናው በኩል ያለውን ዳዶ በትንሹ ያዝ፣ ከዚያ ጎማውን በሹካው መሃል አስተካክለህ ሌላውን አጥብቅ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም በደንብ። መልሰህ ለካ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ጎማው ትንሽ መሳቡ አይቀርም።

ካቴናውን ስትመልስ የማያያዣውን ክሊፕ አቅጣጫ ተጠንቀቅ። ክሊፑ አንዱ ጫፍ የተዘጋ፣ ሌላው የተሰነጠቀ ነው። የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ይሁን፤ ማለትም ማያያዣው በላይኛው መስመር ላይ ሲሆን የተዘጋው ወደ ኮሮናው፣ ወደ ፊት ያያል። ተገልብጦ ከገባ የሽፋኑ ቆርቆሮ ወይም ድንጋይ የተሰነጠቀውን አፍ ነክቶ ያስፈነጥረዋል። ክሊፑን በፒንሳ ስታስገባ ከሁለቱም ፒኖች ቦይ ውስጥ ጠቅ ብሎ መቀመጡን በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገህ አረጋግጥ። ላልቶ ከነበረ አዲስ ክሊፕ ግዛ፣ አሮጌውን በማጣመም አታጥብቀው።

ፈረንጅ_አራዳ

ጀዛከላህ ኸይር። ክሊፑ የተገለበጠ ነበር፣ ካቴናውም 25 ሚሊ ሜትር ይጫወታል። ጎማው ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ቢሳብም ባይወጠርስ?

ሄርመታ_ሳይክል

እንግዲያው ሁለት ነገር ለይ። 30 ክፍተቱ 385 ከደረሰ ካቴናው አልቋል፣ ቀይረው፤ የኋላ ጥርሱም ጫፉ ወደ አንድ ጎን አጎንብሶ ሹል ከሆነ አብሮ ይቀየር፣ አለበለዚያ አዲሱ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ይዘላል። ልኬቱ ደህና ሆኖ ከሆነ ግን ካቴናው ከመጀመሪያውም ረጅም ነበር፤ አንድ የውጪና አንድ የውስጥ ቁራጭ፣ በድምሩ 25.4 ሚሊ ሜትር፣ አብረው ይቀነሱ። ከአንድ ወገን ብቻ ከቀነስክ ጫፎቹ አይገጥሙም።